«ምን ታደርጋለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ጨዋታ፦ ጅማ ላይ መጀመር ለምትፈልጉ

ባለሲኒው (ፈረንጅ አራዳ) · ሐሙስ ማታ 2፡15

ሰላም ለዚህ ቤት። ስለ ጠረጴዛ ላይ የሚና ጨዋታ ለመጻፍ ካሰብኩ ቆየሁ። ብዙ ሰው ስሙን ሲሰማ ይሸሻል። ዘንዶ፣ ምትሃት፣ ሃያ ጎን ያለው ዳይስ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወፍራም መጽሐፍ። እኔም ሸሽቼ ነበር። ስለዚህ የገባሁበትን ቀን ልንገራችሁ።

ነሐሴ ነው። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት ከጀመረ ማታም አይለቅም። መብራት ጠፍቷል። የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ለእረፍት መጥቷል። እኔ፣ እሱ፣ ታናሽ እህቴና የጎረቤት ልጅ ሳሎን ተቀምጠናል። ካርታ ተጫውተን ሰልችቶናል። እናቴ ቡና ታፈላለች። የአክስቴ ልጅ እርሳስና ጥቂት ወረቀት አወጣ። ሕግ አላነበበልንም። መጽሐፍም አላሳየንም። ዝም ብሎ ማውራት ጀመረ።

«የሲራራ ነጋዴ ጠባቂዎች ናችሁ። በቅሎዎቹ ጨው ጭነዋል። ወንዙ ዳር ስትደርሱ መሸ። ማዶ እሳት ይታያል፣ ሰው ግን የለም። በቅሎዎቹ አንሻገርም ብለው ቆሙ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ምን ታደርጋለህ?»

ዝም አልኩ። እኔ ያደግኩበት ተረት እንዲህ አይደለም። «ተረት ተረት» ይሉኛል፣ «የላም በረት» እላለሁ። ከዚያ በኋላ የእኔ ሥራ መስማት ነው። ጅቡ ሲታለል እያየሁ «ኧረ አትመናት!» ብል ጅቡ አይሰማኝም። አሁን ግን ታሪኩ ራሱ ቆሞ እኔን ይጠብቃል። ሦስት ሰው ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

«መሪዋን በቅሎ ጨው አስልሳታለሁ» አልኩ።

የአክስቴ ልጅ ዳይስ አልያዘም ነበር። ከ1 እስከ 20 ቁጥር ጽፎ ወረቀቱን ቆራርጦ ጠቅልሎ ሲኒ ውስጥ ጨምሮታል። «ከ12 በላይ ካወጣህ ትሰማሃለች» አለኝ። 17 ወጣ። በቅሎዋ ጨዋታው ውስጥ ብቻ ያለች ናት፤ እኔ ግን ልቤ ይመታ ነበር።

ከሁሉ የገረመችኝ እህቴ ናት። ክፍል ውስጥ እጅ የማታወጣ ልጅ ናት። አዝማሪ መሆን መረጠች። ማዶ ስንሻገር ሽፍቶች ከበቡን። እኔ ጎራዴ ልመዝ ስል እሷ ቀደመችኝ። የሽፍቶቹን አለቃ «የፈረስህ ስም ማነው?» አለችው። የአክስቴ ልጅ ያላሰበው ጥያቄ ስለሆነ ትንሽ ቆም አለ። ስሙን ሲነግራት ፈረሱን ማሞገስ ጀመረች፣ በዜማ፣ ከራሷ እያወጣች። እናቴ ጀበናውን እንደያዘች ቆማ ሰማቻት። ሽፍታው መንገድ ለቀቀልን።

እኔ እንደሚመስለኝ አዲስ ሰውን የሚይዘው ዘንዶው አይደለም። ያ ጥያቄ ነው። ሰው «አንተስ ምን ታደርጋለህ?» ተብሎ ከልብ ሲጠየቅና መልሱ ቀጥሎ የሚመጣውን ሲለውጥ ያየ ዕለት ተመልሶ ይመጣል።

እናንተስ ምን ሳባችሁ? ያልጀመራችሁትስ ምን ከለከላችሁ?

---

ገና_ጀማሪ · ሐሙስ ማታ 2፡50

አንብቤ ጨረስኩ፣ ግን ያልገባኝ አለ። ማን ነው የሚያሸንፈው? ስንት ሰው ያስፈልጋል? መቼ ነው የሚያልቀው? ቁጥሩስ ለምን አስፈለገ? እየተነጋገርን ብቻ አንቀጥልም?

---

ሃያ_ጎን · ሐሙስ ማታ 3፡20

ተጫዋቾቹ እርስ በርስ አይሸናነፉም። አንድ ወገን ናቸው። ተራኪውም (ታሪኩን የሚመራው ሰው) ጠላታቸው አይደለም። ሽፍታውን፣ ዝናቡን፣ ዘበኛውን፣ ዘንዶውን እሱ ይጫወትላቸዋል። ከሦስት እስከ አምስት ተጫዋችና አንድ ተራኪ ጥሩ ነው። አንዴ ከተቀመጡ ሦስት አራት ሰዓት ይፈጃል። ታሪኩ በአንድ ቀን ሊያልቅ ይችላል። ዓመት የሚቀጥልም አለ።

ቁጥሩ ለምን እንዳስፈለገ ልንገርህ። ልጅ ሆነን ሌባና ፖሊስ ስንጫወት ጠቡ ምን ላይ ነበር? «ተመትተሃል!» «አልተመታሁም!» እዚህ ላይ ጨዋታው ይፈርሳል። ዳይሱ ይህን ጠብ ይፈታል። ተራኪውም እንደፈለገ አይወስንም፣ አንተም እንደፈለግክ አታደርግም። ሁለታችሁም ቁጥሩ እስኪወጣ ትጠብቃላችሁ። ያቺ ቅጽበት ናት ልብ የምታስመታው።

በጣም የታወቀው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ነው። በፈረንጆች 1974 አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ግዛት ውስጥ ሌክ ጄኔቫ በምትባል ትንሽ ከተማ ታተመ። የሠሩት ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ናቸው። የመጀመሪያው ኅትመት 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር። ሁለቱም ከዚያ በፊት የጦርነት ጨዋታ ተጫዋቾች ነበሩ፤ ጠረጴዛ ላይ ትናንሽ ወታደሮች ደርድረው ሠራዊት ከሠራዊት ያዋጉ ነበር። አርነሰን ያመጣው ለውጥ ለእኔ ትልቁ ነው። ተጫዋቹ ሠራዊቱን ትቶ አንድ ሰው ብቻ ይሁን አለ። አንድ ሰው ስም አለው፣ ይፈራል፣ ዕዳ አለበት፣ ይራባል። ባለሲኒው «ያ ጥያቄ ነው» ያለው ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ሠራዊትን «ምን ታደርጋለህ?» ብሎ ማን ይጠይቃል?

ስሌቱም ቀላል ነው። ባለ ሃያውን ትጥላለህ፣ በችሎታህ የምታገኘውን ትጨምራለህ፣ ተራኪው ካስቀመጠው ቁጥር ጋር ታስተያያለህ። ቀላል ነገር 10፣ መካከለኛ 15፣ ከባድ 20። ጉልበትህ 16 ከሆነ 3 ትጨምራለህ። ስለዚህ 15 ለመድረስ ዳይሱ 12 ወይም ከዚያ በላይ መውጣት አለበት፤ ከ20 ውስጥ 9 ዕድል ነው። ግማሽ አይሞላም። አሁን ግን አስብ። በሩን በትከሻህ ብቻ ከመምታት መፈንቀያ እንጨት ፈልገህ ብትመጣ ተራኪው «ሁለቴ ጣልና የሚበልጠውን ያዝ» ይልሃል። ዕድልህ ከ100 ውስጥ 70 ገደማ ይደርሳል። ማሰብህ ዋጋ አገኘ ማለት ነው።

---

ፕሌይ_ቤት (መርካቶ) · ሐሙስ ማታ 3፡45

አቦ እኔ አልገባኝም። ፕሌይስቴሽን ላይ ዘንዶውን በዓይኔ አየዋለሁ። እሳት ይተፋል፣ ክንፉ ይንቀሳቀሳል። እዚህ ሰው ሲያወራ ልሰማ? ለምን ብዬ?

---

ሃያ_ጎን · ሐሙስ ማታ 3፡58

እኔም እጫወታለሁ፣ ደስ ይለኛል። ልዩነቱን ግን ሞክረው። ስክሪን ላይ የሚከፈተው ሠሪዎቹ ይከፈታል ብለው የሠሩት በር ብቻ ነው። ዘንዶውን «ልጆች አሉህ?» ብለህ ልትጠይቀው ብትፈልግ የምትጫነው ቁልፍ የለም። እዚህ ትጠይቀዋለህ። ተራኪው ያስብና ይመልስልሃል። ምናልባት አሉት። ምናልባት አንዷ ታማበታለች። ከዚያ በኋላ ልትገድለው የመጣኸው ዘንዶ ሌላ ነገር ይሆናል።

---

ፕሌይ_ቤት · ሐሙስ ማታ 4፡02

እሺ፣ የዘንዶውን ልጅ ነገር ወድጄዋለሁ። ፊፋን ግን አልተውም።

---

የሁለት_ልጆች_እናት · ዓርብ ጠዋት 1፡30

ልጆች፣ ስታወሩ ደስ ትላላችሁ። እኔ ግን አንድ ጭንቀት አለኝ። ልጄ 14 ዓመቱ ነው፣ ይህን ነገር ከስልኩ አግኝቶ ያወራል። ምትሃት፣ ድግምት፣ ጋኔን የሚሉ ቃላት እሰማለሁ። እኛ እንዲህ ያለ ነገር በቤታችን አይነሳም። ደግሞ ፈተና አለበት። ንገሩኝ፣ ምን ልበለው?

---

ባለሲኒው · ዓርብ ጠዋት 3፡10

እናታችን፣ ጭንቀትዎ ይገባኛል። በፈረንጆች 1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ወላጆችና አብያተ ክርስቲያናት ይህንኑ ሰግተው ትልቅ ክርክር ተነስቶ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የሚሆነውን እንዳየሁት ልንገርዎ። ማንም ምንም አይደግምም። «ምትሃት» የሚባለው ወረቀት ላይ የተጻፈ ቁጥር ነው። ልጁ «ብርሃን አበራለሁ» ይላል፣ ተራኪው «ዋሻው ታየህ» ይለዋል። ይኸው ነው።

ቢሆንም የቤትዎን ሕግ ማንም አይነካውም። ምትሃት የሌለበት ጨዋታ መጫወት ይቻላል። ከላይ የጻፍኩት የበቅሎዎቹ ታሪክ ውስጥ አንድም ምትሃት አልነበረም። ደግሞ በርዎን ከፍተው እዚያው ይቀመጡ። ይህ ተደብቀው የሚጫወቱት ነገር አይደለም፤ ድምፅ አለው፣ ቤቱ በሙሉ ይሰማዋል።

---

የሁለት_ልጆች_እናት · ዓርብ ጠዋት 3፡40

እሺ። ከፈተና በኋላ፣ በእኛ ቤት፣ ያለ ምትሃት። መጀመሪያ እኔ ቁጭ ብዬ አያለሁ።

---

ቦሳ_ኪቶ · ዓርብ ቀን 8፡20

ከጁምዓ መልስ ነው የምጽፈው። የእኔ ጉዳይ ከምትሃቱ ይልቅ ዳይሱ ነው። እኛ ቤት ዳይስ አይገባም። አያቴ ዳይስ ያለበት ጨዋታ ሁሉ ቁማር ይመስላቸዋል፣ በእኛም ሃይማኖት ዳይስን የሚከለክሉ ዑለማዎች ብዙ ናቸው። ከአያቴ ጋር መከራከር አልፈለግኩም። ጨዋታውን ግን ወላሂ እወደዋለሁ።

ያደረግነውን ልንገራችሁ፣ ምናልባት ሌላም ሰው ይጠቅመዋል። እያንዳንዳችን 10 የቡና ፍሬ ይዘን እንጀምራለን። ችሎታህ የሆነ ነገር በነፃ ይሳካል። ትንሽ የሚያስቸግር አንድ ፍሬ፣ ከባድ ሦስት ፍሬ ያስከፍላል። ፍሬህ ካለቀ ሌላ ሰው ይረዳሃል፣ ወይም ትወድቃለህ። ወድቀህ ታሪኩን የሚያምር ካደረግከው ተራኪው አንድ ፍሬ ይመልስልሃል። ዕጣ የሚባል ነገር ፈጽሞ የለም። ዳይስ አልባ ጨዋታ አዲስ ነገር አለመሆኑን በኋላ ነው የሰማሁት፤ አምበር የሚባለው በፈረንጆች 1991 ወጥቷል።

አንድ ያስተዋልኩት ነገር አለ። ፍሬ ሲቆጠር ሰው ቆጣቢ ይሆናል። አንዱ ጓደኛችን የመጨረሻ ሦስት ፍሬውን ለራሱ ማምለጫ ይዞ ነበር። የወደቀውን ጓዱን ለማንሳት ከፈላቸው። ሁላችንም ዝም አልን። አያቴ ከወዲያ ማዶ ሆነው «ምን ሆናችሁ?» አሉን።

---

ባለሲኒው · ዓርብ ቀን 8፡45

ቦሳ ኪቶ፣ ይህን ለመስረቅ ፈቃድህን እጠይቃለሁ። በጅማ ቡና መጫወት ከዚህ በላይ የት ይገኛል!

---

አዌቱ_ዳር · ዓርብ ማታ 1፡30

እኔ አንዴ ሞክሬ ተውኩት። እውነቱን ልናገር። አንድ ልጅ ስድስት ሰው ሰበሰበ። መጀመሪያ ፎርም አስሞላን። ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ ጽናት፣ ዕውቀት፣ ማስተዋል፣ ግርማ ሞገስ። ከዚያ ዘር፣ ሙያ፣ መሣሪያ፣ የኋላ ታሪክ። ሁለት ሰዓት አለፈ። ገና አንድ እርምጃ አልተራመድንም። ሁለት ሰው ሥራ አለን ብለው ወጡ። እኔም በሳምንቱ አልሄድኩም።

---

ሃያ_ጎን · ዓርብ ማታ 1፡55

ያሳዝናል፣ ግን ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነው። ልጁ ክፉ አስቦ አይደለም። ሁሉን አዘጋጅቶ ሊያስደስታችሁ ፈልጎ ነው። ለአዲስ ሰው ግን ሦስት ነገር ይበቃል፦ ምን ትችላለህ፣ ምን ትፈራለህ፣ ማንን ትወዳለህ። ቀሪውን እየተጫወተ ይሙላው። ወይም ተራኪው የተሞላ ወረቀት ይዞ ይምጣና «ከነዚህ አንዱን ምረጥ» ይበል። ከተቀመጣችሁ በሩብ ሰዓት ውስጥ «ምን ታደርጋለህ?» ካልተባለ ሰው ይሰለቻል።

ስም ማውጣት ደግሞ አዲስ ሰው ሁሉ የሚቸገርበት ነው። መፍትሔ ያለው ሰው አለ?

---

ጡረተኛው_መምህር (ጂሬን) · ዓርብ ማታ 3፡00

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ታሪክ አስተምሬአለሁ። ይህን ጨዋታ ያሳየኝ የልጄ ልጅ ነው። ስለ ስሙ መፍትሔ አለኝ። የባለሲኒው እህት ሳታውቀው ነክታዋለች።

በእኛ አገር ጦረኛና ንጉሥ በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር። አባ ጅፋር የፈረስ ስም ነው። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል። ስለዚህ አዲሱን ልጅ «ስምህ ማነው?» አትበሉት። «ፈረስህ ምን ዓይነት ነው?» በሉት። ስለ ፈረሱ ሲያወራ ስሙ ራሱ ይመጣል። የልጅ ልጄን ጓደኞች እንዲህ ብዬ ሁሉንም በአምስት ደቂቃ ሰየምኳቸው።

ሌላው፣ ለምን የፈረንጅ ግንብና ዋሻ ትበደራላችሁ? በ19ኛው መቶ ዘመን በጊቤ ዙሪያ አምስት መንግሥታት ነበሩ፦ ሊሙ እናርያ፣ ጅማ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራ። አንዱ ከሌላው ይነግዳል፣ ይዋጋል፣ ይጋባል። ድንበራቸው ላይ ቦይ ተቆፍሮ ነበር። በር ነበረው፣ ኬላ ይባላል፤ ዘበኛ ይጠብቀዋል፣ መንገደኛ ይጠየቃል። ከቦዩ ውጭ ደግሞ ማንም የማያርሰው፣ ማንም የማይሰፍርበት ባዶ መሬት አለ። ሞጋ ይሉታል። ጫካ ይውጠዋል። አውሬ፣ ሽፍታና የተባረረ ሰው ይኖርበታል። አንድ መንግሥት ለቅቆ ሌላው ዘንድ ለመድረስ ያንን ማቋረጥ ግድ ነው። ለጨዋታችሁ ከዚህ የተሻለ መሬት ከየት ታመጣላችሁ? ጂሬን ወጥታችሁ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ሰገነት እዩት። ከዚያ ቆሞ ቁልቁል ሲያዩ ከተማው በሙሉ ይታያል። ንጉሡ ማን እንደመጣ ከሩቅ ያያል። ጨዋታችሁን ከዚያ ጀምሩ።

አንድ ነገር ግን ከልቤ ላሳስባችሁ። ሲራራው የጫነው ጨው፣ ቡናና የዝባድ ቅባት ብቻ አልነበረም። ሰውም ይሸጥ ነበር። በሄርማታ ገበያም። ይህን ደብቃችሁ አትጫወቱ። ለማዝናኛም አታድርጉት። ከመጀመራችሁ በፊት እያንዳንዱን ሰው «ይህ እንዲነሳ ትፈቅዳለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ሰው አልፈልግም ካለ ተዉት፣ ምክንያት አትጠይቁት። የልጅ ልጄ ጓደኞች ተስማምተው ነበር። ጠባቂዎቹ ከበቅሎዎቹ ኋላ የታሰረች ልጅ አዩ። የነጋዴውን ደመወዝ ተቀብለዋል፣ ቃል ገብተዋል። «ምን ታደርጋላችሁ?» አልኳቸው። አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራከሩ። ሠላሳ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ እንዲህ የተከራከረ ክፍል አላየሁም። ሌሊት ገመዱን ቆርጠው ወደ ሞጋው ይዘዋት ገቡ።

---

ባለሲኒው · ዓርብ ማታ 3፡25

መምህር፣ እግዜር ይስጥልን። አንድ ጠረጴዛ ላይ አብረንዎት ብንቀመጥ ምንኛ ደስ ባለኝ።

---

ተርጓሚዋ · ቅዳሜ ጠዋት 2፡40

እኔን የከለከለኝ ቋንቋው ነበር። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው፣ ጨዋታው ግን ማውራት ነው። በማላልምበት ቋንቋ እንዴት ላባብል፣ እንዴት ልቆጣ? አማርኛና ኦሮምኛ እየቀላቀልን ስንጫወት ነው የተፈታልኝ። ቤታችን እንቆቅልሽም ሂቦም (የኦሮምኛው እንቆቅልሽ) ይጠየቃል። እንቆቅልሽ ያልፈታ ሰው «አገር ስጠኝ» ሲባል አገር ይሰጥ የለም? አንድ ቀን ተራኪያችን የኬላው ዘበኛ ሆኖ «እንቆቅልህ» አለን። መልሱን አጣን። ተደራድረን አገር ሰጠነው፣ ጎማን ሰጠነው! በሚቀጥለው ሳምንት ዘበኛው የጎማ ገዢ ነኝ ብሎ ቁጭ አለ።

ለቃላቱ እኛ የምንላቸው እነዚህ ናቸው። ተጫዋቹ ከመውደቁ በፊት የሚችለው የጉዳት ቁጥር «ነፍስ» ነው፣ ፕሌይስቴሽን ላይ እንደሚባለው። ዘፋኙ አዝማሪ ነው፣ ሌላ ቃል አያስፈልገውም። ጨዋታውን የሚመራው «ተራኪ»። መርዝ ወይም ወጥመድ ሲያገኝህ የምትጥለው ዳይስ «ማምለጫ»።

ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው አለ። የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ አምስተኛ እትም መሠረታዊ ሕግ በፈረንጆች ጥር 2023 በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ተለቋል። ምንጩን እስከጠቀስን ድረስ መተርጎም፣ ማባዛት፣ መለወጥ ይፈቀድልናል። በነፃ። ስለ ሚዛንና ስለ ጉዳት ያለውን ክፍል መተርጎም ጀምሬአለሁ። የሚያግዘኝ ካለ ይጻፍልኝ። ኦሮምኛውን የሚይዝ ሰው በጣም እፈልጋለሁ።

---

ቦሳ_ኪቶ · ቅዳሜ ጠዋት 3፡05

ኦሮምኛውን እኔ እይዛለሁ። ዳይስ በሚለው ቦታ ሁሉ ግን የቡናውን ፍሬ በግርጌ እጨምራለሁ።

---

ተርጓሚዋ · ቅዳሜ ጠዋት 3፡07

ጨምር።

---

ገና_ጀማሪ · ቅዳሜ ጠዋት 4፡10

ሌሊቱን ሳነብ አደርኩ። መምህሩ እንዳሉት ስለ ፈረሴ አሰብኩ። ግራጫ ነው። ብዙ አይሮጥም። ግን ጉም ሲወርድ መንገድ አይስትም። ስሜን «አባ ጉም» ብየዋለሁ። ምን እችላለሁ? መንገድ አውቃለሁ። ምን እፈራለሁ? ብዙ ሰው ፊት መናገር። ማንን እወዳለሁ? ወንድሜን፣ ሊሙ ሄዶ ያልተመለሰውን። ይበቃል?

---

ባለሲኒው · ቅዳሜ ጠዋት 4፡22

ከበቂም በላይ ነው። ዛሬ 8 ሰዓት እኛ ቤት ና፣ አድራሻውን በውስጥ ልኬልሃለሁ። አዌቱ ዳር፣ አንተም ና፣ ፎርም የለም። አባ ጉም፣ እንዲህ ትጀምራለህ። ጎህ ሊቀድ ነው። የሊሙ መንገድ ኬላ ላይ ደርሰሃል። በሩ ዝግ ነው። ዘበኛው ጦሩን አጋድሞብሃል። «በዚህ ሰዓት ብቻህን ወዴት?» ይልሃል። ከኋላው አምስት ሰው ዞሮ ያይሃል። እስከ 8 ሰዓት አስብበት።

---

ገና_ጀማሪ · ቅዳሜ ጠዋት 4፡24

አሁን ልመልስ። ከፈረሴ እወርዳለሁ። ሌሎቹን አላያቸውም፣ እሱን ብቻ። «በቅሎዬ ጠፍታ ነው። እናንተም ሌሊቱን ኮቴ ሰምታችኋል አይደል?» እለዋለሁ።

---

ባለሲኒው · ቅዳሜ ጠዋት 4፡25

ሲኒውን አቅርቤልሃለሁ። አንድ አውጣ።